ደመወዝና ብዕር፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ አንባቢ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አንባቢዎች፣

ስለ አንድ ሰው ልጽፍላችሁ ነው። የሩቅ ሰው አይደለም፤ የእኛው የጣና ዳርቻ ሰው፣ የዘጌ ተወላጅ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይባላል። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው እሱ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት በአምስቱ ዓመት ለጠላት አድሮ «አፈ ቄሣር» የተባለውም ይኸው ሰው ነው። ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ብቻ ነገሩን፤ «የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ማን ጻፈ?» የሚል ፈተና ሲመጣ ስሙን አክብበን አለፍን። ሁለተኛውን የሰማነው ቤት ውስጥ ስለ ባንዳ ሲወራ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ስሙ ሳይጠራ። እኔ የምለምናችሁ ሁለቱን አንድ ላይ እንድናነባቸው ነው።

ለምን ለእናንተ እንደምጽፍ ልንገራችሁ። በእኛ አገር የተማረ ልጅ ዕጣው ቢሮ ነው። ፋብሪካ የለም፤ ትልቅ ንግድ የለም። ዲግሪውን ይዞ የተመለሰ ወጣት በነፋስ መውጫ፣ በዓርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ መምህር፣ የግብርና ባለሙያ፣ የጤና ሠራተኛ፣ የገቢዎች ሠራተኛ ወይም የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል። ደመወዙ ከመንግሥት ነው፤ ውሎው ግን ከገበሬው ጋር ነው። አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ የቀረበትን ማሳ፣ በሴፍቲኔት ክረምቱን የሚሻገረውን ቤተሰብ፣ ገብሱ ገና በአበባው ሳለ ዝናቡ የቆመበትን ዓመት ከማንም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ያየውን የት ያኖረዋል? በሪፖርት ቅጽ ላይ። ቅጹ የማይጠይቀውንስ? እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ስለ አፈወርቅ እንድጽፍላችሁ ያስገደደኝም ይህ ነው። የሰውየው ሕይወት ብዕር ይዞ በመንግሥት ደመወዝ ለሚኖር ሰው ሁሉ የቀረበ ጥያቄ ይመስለኛል።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በህንድ አገር፣ በቤንጋል፣ ባንኪም ቻንድራ ቻተርጂ የሚባል ሰው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1838 ተወለደ። በ1858 ከካልካታ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት የአውራጃ ምክትል ዳኛ አድርጎ ቀጠረው፤ ከወረዳ ወረዳ እየተዛወረ እስከ 1891 ድረስ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገለገለ። ችሎት ተቀምጦ የባዕድ መንግሥት ሕግ ያስፈጽማል፤ ከችሎት ሲወጣ በገዛ ቋንቋው ይጽፋል። በ1872 በቤንጋሊ የሚታተም መጽሔት አቋቋመ። በ1882 «አናንዳማት» የተባለ ልብ ወለድ አወጣ። መጽሐፉ የተነሣው በ1770 ቤንጋልን ከፈጀው ረኃብና ያን ተከትሎ ከተነሣው የመናንያን ዐመፅ ነው። በዚያ ረኃብ ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ ይነገራል፤ ሕዝቡ እያለቀም የእንግሊዝ ኩባንያ ግብሩን መሰብሰብ አላቋረጠም። ክፉ ቀንንና ሰባ ሰባትን ለሚያስታውስ የጋይንት ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በልብ ወለዱ ውስጥ የሚገኘው መዝሙር ደራሲው ከሞተ በኋላ የነጻነት ታጋዮች መዝሙር ሆነ፤ ህንድ ሪፐብሊክ በሆነችበት በ1950ም ከብሔራዊ መዝሙሩ እኩል እንዲከበር ተወሰነ።

ባንኪም እንከን አልባ አልነበረም። ሙስሊም ወገኖቹን በዚያ መጽሐፍ የሣለበት መንገድ እስከ ዛሬ ያልሻረ ቁስል ነው። ከእንግሊዞችም የክብር ማዕረግ ተቀብሏል። ነገር ግን የተወለደው በተገዛ አገር ነው፤ ልሂድና ላገልግለው የሚለው ሌላ መንግሥት አልነበረውም። ደመወዙን ከባዕድ ተቀበለ፣ ብዕሩን ለአገሩ ልጅ አዋለ። ረኃቡ የደረሰው እሱ ከመወለዱ ሰባ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው፤ የግብርና የመሬት ክርክር ሲሰማ የኖረ ዳኛ ግን እንደ ትናንት አድርጎ ሊጽፈው ችሏል።

የአፈወርቅ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። የተወለደው በ1860 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት ዓመት። አገሩ ነጻ ነበረች። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ዝምድና ስለነበረው ገና በወጣትነቱ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ቀረበ። የሥዕል ተሰጥዖ ነበረውና ንጉሡ ወደ ጣሊያን ልከው ቱሪን ከተማ ሥዕል አስተማሩት። ተመልሶ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1894 ደግሞ ከሁለት ሌሎች ወጣቶች፣ ከጉግሣ ዳርጌና ከቂጣው ዘአማኑኤል ጋር፣ ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ኑሻቴል ተላከ። እስቲ አስቡት፤ ያን ጊዜ በመንግሥት ወጪ አውሮፓ ሄዶ የሚማር ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነበር። አገር ያላትን ሁሉ ሰጥታ የላከችው ልጅ ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ የዐድዋ ጦርነት መጣ። ሦስቱ ወጣቶች ከስዊዘርላንድ ወጥተው ወደ ጣሊያኖች ገቡ። ጣሊያኖች የራስ ዳርጌን ልጅ ጉግሣን ይዘው በምኒልክ ላይ ተቀናቃኝ ሊያደርጉት አስበው ነበር። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የበጌምድር፣ የጎጃም፣ የወሎ፣ የሸዋ፣ የትግሬና የሌላውም አገር ሰው ዐድዋ ተራራ ሥር ሲዋደቅ አፈወርቅ በወዲያኛው ወገን ነበረ። ዕድሜው ሃያ ሰባት ነው። ልጅነት ነው ብለን ማለፍ እንችል ይሆናል። እኔም ስህተቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ጣሊያን አገር ኖረ፤ ኔፕልስ በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማረ። የብዕሩ ፍሬ የበዛው በዚያ ጊዜ ነው። በጣሊያንኛ የአማርኛ ሰዋስው ጻፈ፤ በፈረንሳይኛ ለመንገደኞች መምሪያ አዘጋጀ። በ1900 ዓ.ም. «ልብ ወለድ ታሪክ» ያለውን፣ እኛ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራውን መጽሐፍ አወጣ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ «ዳግማዊ ምኒልክ» የተባለውን ታሪክ አሳተመ።

«ጦቢያ»ን ያላነበባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ፈልጋችሁ አንብቡት። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው መጽሐፍ ነው፤ አማርኛው ግን ዛሬም ያስደንቃል። ልብ ወለድ የሚባል ነገር በቋንቋችን ገና ባልነበረበት ጊዜ ሰውየው ከየት አምጥቶ እንዲህ እንደጻፈው ባሰብኩት ቁጥር አከብረዋለሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው። በጦርነት ሠራዊቱ ያለቀበት አንድ የጦር አለቃ ይማረካል። ጦቢያና ዋሕድ የሚባሉ መንታ ልጆች አሉት። አባታቸውን የሚያስፈታ ገንዘብ የላቸውም። አንድ ነጋዴ የልጁን ለቅሶ አይቶ፣ ዘመዳቸው ሳይሆን፣ ብድር መልሱልኝ ሳይል፣ የማስፈቻውን ወርቅ ሰጥቶ ይሄዳል። ቤተሰቡ ውለታውን መርሳት አይሆንለትም፤ ዋሕድ ያን ደግ ሰው ፈልጎ ሊያመሰግን ይወጣል፣ በመንገድም ለባርነት ይዳረጋል። አባትና የወንድ ልብስ የለበሰችው ጦቢያ ደግሞ እሱን ፍለጋ ይወጣሉ። ሌላው ታሪክ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

ልብ በሉ። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የቆመው በውለታ ላይ ነው። ያልተጠየቀ ውለታ መክፈል የሰው ልጅ ግዴታ መሆኑን፣ ለዚያም ሲባል በባርነት መውደቅ እንኳ እንደሚገባ ይናገራል። ይህን የጻፈው እጅ በሃያ ሰባት ዓመቱ ያሳደገውን መንግሥት ትቶ ሄዷል፤ ወደ ሰባ ሲጠጋ ደግሞ የአገሩን ወራሪ አመስግኖ ጽፏል። አንዳንድ ሰው «እንግዲያው መጽሐፉ ውሸት ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። የውለታን ነገር አፈወርቅ በደንብ ያውቅ ነበር፤ ባያውቅ እንዲያ አድርጎ ባልጻፈው። ነገሩን የሚያከብደው ማወቁ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ዐፄ ምኒልክ ካረፉ በኋላ አፈወርቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። አገር ደግሞ አልጨከነችበትም። ማዕረግ ሰጠችው። በ1910ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የጉምሩኩና የንግዱ አዛዥ ሆነ። ከዚያም የውጭ ዜጎች ጉዳይ በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ሠራ። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በሮማ የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆኖ ተሾመ። ሙሶሊኒ ጦሩን ሲያዘጋጅ በጠላት ዋና ከተማ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ይዞ የተቀመጠው እሱ ነበር። ወረራው መጣ፤ አዲስ አበባ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ተያዘች። አፈወርቅም በአዲሱ ገዥ ዘንድ ቦታ አገኘ፤ «አፈ ቄሣር» ተባለ። የቄሣር አፍ! በጣሊያን ዘመን በአማርኛ ይታተም በነበረው ጋዜጣም ወራሪውን እያሞገሰ ጻፈ። ነጻነት ሲመለስ ተይዞ ወደ ጅማ ተጋዘ፤ እዚያም ዓይኑ ጠፍቶ እ.ኤ.አ. በ1947 ሞተ።

አሁን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። አፈወርቅ ድሬዳዋ ከመሾሙ ጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው የጉምሩክ ወንበር ላይ ሌላ ጸሐፊ ተቀምጦ ነበር፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ። በ1878 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ ተወለደ። በልጅነቱ ከምጽዋ መርከብ ላይ ወጥቶ አውሮፓ ገባ፤ ኦስትሪያና ጀርመን ተማረ፤ ተመልሶም የዐፄ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነ። ከቤተ መንግሥት ጋር ተጋጭቶ ተሰደደ። በስደት ሳለ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚለውን ጽሑፉን በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ላይ አሳተመ። በዚያ ጽሑፍ የአፈወርቅን የምኒልክ ታሪክ ለአንድ ንጉሥ አድልቶ ሌላውን የሚያጎድፍ ነው ብሎ ነቀፈው፤ ቀጥሎም መንግሥት ሊያደርገው የሚገባውን ዘረዘረ። ግብሩ የታወቀ ይሁን፤ የንጉሡ ገንዘብና የአገር ገንዘብ ይለይ፤ ሕጉ ይጻፍ፤ ሠራዊቱ ደመወዝ ያግኝ፤ ሃይማኖት በነጻነት ይያዝ።

ሁለቱም ነጋድራሶች ናቸው፤ ሁለቱም አውሮፓ ተምረዋል፤ ሁለቱም የአገራቸው ኋላ መቅረት አንገብግቧቸዋል። ይህን የመጨረሻውን አትዝለሉት። አፈወርቅም ቢሆን ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ ጎተራውን ሲያራቁት አይቶ ተቆጥቷል፤ ስለ ባላባቱ ግፍ ጽፏል። የጻፈው ውሸት አይደለም። የእኛ አገር ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ጋይንት ከበጌምድር ወደ ወሎ የሚያልፈው ጦር ሁሉ መተላለፊያ ነበረች። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከጋይንት ብዙም በማይርቀው አንቺም ላይ ሲወድቁ ከሰማይ አውሮፕላን መጣ፤ መጀመሪያ የውግዘት ወረቀት በተነ፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። የአገራችን ሰው የዘመናዊ መንግሥትን ጽሑፍና መሣሪያ አንድ ላይ ያየው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ሁለቱም አንድ ቁስል አይተዋል። አፈወርቅ መድኃኒቱን ከሮማ ጠበቀ። ገብረ ሕይወት ግን ድሬዳዋ ላይ ተቀምጦ የሚወጣውን ቡናና ቆዳ፣ የሚገባውን ጨርቅና ብረት ሲያይ አሰበ። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ፣ ዕውቀት ከሌለው፣ ነጻ ነኝ ቢልም ለባለ ዕውቀቱ እንደሚገዛ ተረዳ። የአገር ሀብት ከሥራና ከዕውቀት እንጂ ከወርቅ ክምችት እንደማይመጣ ጻፈ። ይህን ያስተማረው የጉምሩክ መዝገብ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያንኑ ቁጥር አይቷል፤ ወደ መጽሐፍ የለወጠው እሱ ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው መጽሐፉ በሕይወቱ አልታተመም። በ1911 ዓ.ም.፣ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ሞተ፤ መጽሐፉ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ወጣ። የዛሬ የኢኮኖሚክስ መምህራን ከድህነት ጋር ስለሚያያዝ የንግድ ጥገኝነት ሲያስተምሩ ስሙን የሚጠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

አንዳንዶቻችሁ የምትሉት ይታየኛል። «አፈወርቅ በእርግጥ አምኖበት ይሆናል፤ ጣሊያን መንገድና ትምህርት ያመጣል ብሎ ይሆናል።» ሊሆን ይችላል። ግን በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማመኛ የሚሆን ነገር አልቀረም። ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ሲጨፈጭፉ፣ ተማረ የተባለውን ወጣት እየለዩ ገደሉ። ከተገደሉት መካከል የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ነበረ። አባቱ ብላቴን ጌታ ኅሩይም፣ ለመንግሥት እየሠራ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ የደረበው ያ ታላቅ ሰው፣ በስደት እንግሊዝ አገር አረፈ። ከዚያ ወዲያ ወራሪውን የሚያሞግስ ብዕር «አላወቅሁም» ሊል አይችልም።

አፈወርቅን የምወቅሰው ደመወዝ በመቀበሉ አይደለም። ይህን በተለይ ለእናንተ፣ የወር ደመወዝ ለምትቀበሉት፣ ማለት እፈልጋለሁ። በአምስቱ ዓመት ጠላት በያዘው ከተማ እየኖረ፣ አንዳንዱም በጠላት ቢሮና ሱቅ እየሠራ፣ ጥይትና መድኃኒት በድብቅ ለአርበኛ የላከ፣ የጦሩን እንቅስቃሴ ያስታወቀ፣ ተይዞ የተገረፈ ብዙ ሰው አለ። የውስጥ አርበኛ እንላቸዋለን። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከእነዚህ መካከል ስማቸው የገነነ ናቸው። ከጠላት ደመወዝ የበላ እጅ ሁሉ ለጠላት አላደረም ማለት ነው። ልዩነቱ ያየኸውን ለማን ነገርከው የሚለው ላይ ነው። አፈወርቅ ለአርባ ዓመት ያካበተውን ዕውቀት፣ የአውሮፓን ቋንቋ፣ የቄሣርን ሐሳብ ቀድሞ መረዳቱን ለአገሩ ሰው ሊነግር ይችል ነበር። ሮማ ላይ የኢትዮጵያ ወኪል ሆኖ የተቀመጠው እኮ ለዚሁ ነበር!

የእኛ አገር ሰው ያን ጊዜ ምን ሲያደርግ እንደነበር ለማወቅ ወደ ዓባይ መውረድ ይበቃል። ከእስቴ ወገን ወደ ሞጣ የሚያሻግረው፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ መሐሉ የተሰበረው በአምስቱ ዓመት ነው። የሰበሩት አርበኞች ናቸው፤ ጣሊያን እንዳይሻገር። ሰባራ ድልድይ የተባለውም ለዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ ባሉ ሰዎች ጉልበት እየተሳበ ዓባይን ይሻገር ነበር። ገበያ ለመሄድ፣ ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለቅሶ ለመድረስ። አርበኞቹ የሰበሩት የራሳቸውን ልጆች ድልድይ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ገመዱን የያዙት ደግሞ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ይህን ታሪክ በወጉ ጽፎ፣ የሰባሪዎቹን ስም ዘርዝሮ፣ በገመድ የተሻገሩትን ጠይቆ ያኖረልን መጽሐፍ እጄ ላይ የለም። አፈወርቅ የጻፈው ግን በቤተ መጻሕፍቱ ሁሉ አለ። ይህ ያሳዝነኛል። ለጠላት ያደረው ብዕር መጻሕፍቱን ተወልን፤ ድልድይ የሰበረው እጅ የተወልን ድንጋይ ብቻ ነው።

የመጻፍ ወግ ከእኛ አገር የራቀ ሆኖ አይደለም። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም አለች፤ ድጓ ተምሮ መመስከር የፈለገ ሊቅ ከየአገሩ የሚመጣባት። የድጓ ተማሪ ቀለሙን ራሱ በጥብጦ፣ ብራናውን ዳምጦ፣ ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ዓመታት ይፈጅበታል። በየመንደሩ ቁራሽ ለምኖ፣ በጎጆ ውስጥ ተጨናንቆ አድሮ ነው የሚጽፈው። ድሃ ነን ጊዜ የለንም እንዳንል ይህ ይከለክለናል። የጎደለን ያየነውን ኑሮ ለመጻፍ የሚገባ ነገር አድርጎ መቁጠር ነው። ዜማና ገድል ሲሆን ለመጻፍ የተፈቀደ ይመስለናል፤ የገብስ ዋጋ፣ የመሬት ክፍፍል፣ የሴፍቲኔት ዝርዝር፣ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥ ሥራ የወረደ ልጅ ሲሆን ግን ለሪፖርት ትተነዋል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። መምህራን፣ «ጦቢያ»ን ስታስተምሩ የደራሲውን መጨረሻ አትደብቁ፤ መጨረሻውን ስትነግሩም መጽሐፉን አትጣሉት። ጎኑ ላይ የገብረ ሕይወትን መጽሐፍ አስቀምጡ፤ በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ናቸውና ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፍረዱ። የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ይህን መፍረድ ያቅተዋል ብላችሁ አትስጉ፤ ነገ የሚቀመጥበት ወንበር ነው።

በቢሮ ያላችሁ ደግሞ ከሪፖርቱ ሌላ የራሳችሁ ደብተር ይኑራችሁ። ዝናቡ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፤ በየሳምንቱ ገበያ ገብስ፣ ድንችና ግብጦ ስንት ዋለ፤ ከቀበሌው ስንት ወጣት ወጣ፣ ስንቱ ተመለሰ፤ የትኛው ምንጭ ደረቀ፤ ሰው በጨነቀው ጊዜ መጀመሪያ ምን ይሸጣል፣ በጉን ወይስ ላሟን። የሰውን ገመና አትጻፉ፤ ስሙን ተዉት፤ ነገሩን ያዙ። ገብረ ሕይወት መጽሐፉን ከጉምሩክ መዝገብ እንዳወጣው፣ የእናንተም ደብተር ለሚመጣው ሰው ይናገራል። ዛሬ አንባቢ ባታገኙለት አትዘኑ፤ የእሱም የታተመው ከሞተ በኋላ ነው።

በእስቴና በአንዳቤት በኩል ያላችሁ ደግሞ አደራ። ድልድዩን ከሰበሩት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ገና በሕይወት ያሉ ይኖራሉ፤ በገመድ የተሻገሩትማ ብዙ ናቸው። ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የተናጋሪውን ፈቃድ ጠይቁ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፣ በሰማችሁት ላይ አትጨምሩ። የሚለያይ ነገር ከነገሯችሁ ሁለቱንም አኑሩ። ስትጨርሱ አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ስጡ፣ አንዱን ቤታችሁ አስቀምጡ።

አክባሪያችሁ፣
የአገራችሁ ልጅ